የቀረችው ሰማያዊ ቦርድ

«መብራት መጣ!»

ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሯን ልታወጣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተች ደርቃ ቀረች። ጣቷ የነካው ደብተር አይደለም። አወጣችው፤ ሰማያዊዋ ቦርድ ናት፣ ከአውራ ጣቷ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ። የአክስቷ ፋኖስ ውስጥ መሆን የነበረባት።

ትናንት ያንን በኤሌክትሪክ የሚሞላ አሮጌ ፋኖስ ስታድስ ነው የዋለችው። እንደ ድንጋይ የከበደውን የሞተ ባትሪ አውጥታ፣ ስልክ ጠጋኙ ከተበላሸ ላፕቶፕ ፈትቶና ሞልቶ የሰጣትን ባትሪ ተካችበት። «ያለዚች ቦርድ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው» ብሏታል፣ ሰማያዊዋን ቦርድ አብሮ ሲሰጣት። «ባትሪው ሲጠግብ በቃህ የምትለው እሷ ናት። ካለሷ ያብጥና እሳት ይሆንብሻል።»

ቦርዷን ስታስገባት ፋኖሱ አልበራ አለ። ስታወጣት ቦግ! ይኼኔ አክስቷ በር ላይ ቆማ፣ «ኢንጂነሯ፣ ፋኖስ ነው ሮኬት የምትሠሪልኝ?» አለቻት።

«ጨርሻለሁ» አለች፤ ቦርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ሸጉጣ ፋኖሱን ሰጠቻት።

መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሳይመጣ ነገ አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር።

ደወለች። አክስቷ ስትሰፋ ስልክ አታነሳም። ሮጠች።

የአክስቷ ልብስ መስፊያ ቤት ውስጥ ጨርቅ ያልነካው ቦታ የለም። ፋኖሱ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ የተቆለሉ ዩኒፎርሞች አናት ላይ ተቀምጧል። ሁለት ደንበኞች ልብሳቸውን ይጠብቃሉ።

«ይኸውላችሁ መጣች!» አለች አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። «ትናንት ቁልፍ የተከልኩት በእሷ ብርሃን ነው። እንዲህ ናት የእህቴ ልጅ!»

ልጅቷ ፋኖሱን ከሶኬት ነቀለች። የፋኖሱ ጀርባ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይፋጃል።

«ምነው ነቀልሽው?»

«ሞልቷል» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ቦርዷ ኪሷ ውስጥ ናት። ወደ ቤት ይዛው ሄዳ፣ ማንም ሳያይ...

«ሞላ እንዴ? ኧረ ቶሎ ይሞላል! እንግዲያው እነዚያንም ታያቸዋለሽ» አለች አክስቷ፣ በአገጯ ወደ ጠረጴዛው ሥር እያሳየች። ሦስት የጎረቤት ፋኖሶች ተደርድረዋል። «አወራሁልሽ እኮ!»

ልጅቷ ሦስቱን ፋኖሶች አየች።

«አክስቴ፣ አልሞላም። እኔም አልጨረስኩትም ነበር። ዋሸሁሽ። እንደተሰካ ቢቆይ ይቃጠል ነበር።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ኢንጂነር ናት አላልሽንም?» አለች አንዷ ደንበኛ፣ ሳቋን እያፈነች።

አክስቷ ፋኖሱን አየች፣ ዩኒፎርሞቹን አየች፣ እጅጌዋ ላይ የሰካቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ፊቷ ምን እንደሚል አያስታውቅም። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የስፌት መኪናዋን ትንሽ ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ልጅቷ አነሳችው። ፋኖሱን ከጨርቅ አርቃ፣ ሁሉም በሚያዩበት በደጁ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችው። እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ቦርዷን ከኪሷ አውጥታ አጠገቡ አኖረችና የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመረች።