ብርሌው ውስጥ ያለችው አረፋ

ፈንታሁን ማስታወቂያ በሚሠራበት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቶ ሞቶ ከተገኘ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስኒው ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኝቷል። ሬሳው ለምርመራ ደሴ ተልኮ ውጤቱ ስላልመጣ መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ግን ፍርዱን ጨርሷል፤ ገዳይዋ ሀዲያ ናት።

ሀዲያ ከጂዳ ተመልሳ እዚያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍታለች። በየቀኑ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፔርሙስ ይዛ ትገባለታለች። ያን ቀንም ገባች፤ እየጮኸች ወጣች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ የመጣ ይመስላታል። ታስራ ብትቀር የስድስት ዓመት ልጇን የሚያሳድግላት ሰው የላትም።

ጭንቀቷን ያባሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተገኘ የአንድ አሮጌ ብርሌ ፎቶ ነው። የተመዘገበበት ሰዓት ልክ አራት ሰዓት ይላል። የፈንታሁን ባልደረባ አሳምነው፣ ሟቹ በአራት ሰዓት ፎቶ ካነሳ በሕይወት ነበረ ማለት ነው ሲል ለፖሊስ አስረዳ። እሱ ራሱ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደ አጅባር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበር፤ ሾፌሩም መስክሮለታል። የሟች እህት እናኑ ገበያ ነበረች። ከአራት ሰዓት በኋላ የገባችው ሀዲያ ብቻ ናት።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር እታገኘሁ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት፤ ሀዲያን ይበልጥ ያስፈራት ይሄው ነው።

«ስትገቢ ነካሽው?»

«እጁን ነካሁት። ወላሂ፣ ቀዝቅዞ ነበር።»

«ይሄን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ያምነኛል ብዬ ነው?»

ኢንስፔክተሯ አላፅናናቻትም። ወደ እናኑ ዞራ ስለ ብርሌው ጠየቀቻት። የእናታቸው ነው፤ ወፍራም መቀመጫው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ታስራ ቀርታለች። ፈንታሁን ለአንድ ጠጅ ቤት ማስታወቂያ ብርሌውን ከነአረፋው በኮምፒውተር ሊሠራው አንድ ወር ደክሟል፤ አሳምነውንም ሲያስተምረው ከርሟል። እታገኘሁ ብርሌውን ወደ መስኮቱ አንስታ በአጉሊ መነጽር አየችው። ከዚያ ፎቶውን አጉልታ አየች፤ ብዙ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ሀዲያ፣ እናኑና አሳምነው ማስታወቂያ ቤቱ እንዲመጡ አዘዘች።

ሀዲያ ካቴናው እንደሚጠብቃት እርግጠኛ ሆና ነበር የመጣችው። ከግድግዳው ተጣብቃ ቆመች።

«ይሄ ፎቶ አይደለም፤ በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እናኑ፣ በእውነተኛው አረፋ ውስጥ መስኮቱ እንዴት ይታያል?»

እናኑ ብርሌውን አነሳች። «ትንሽዬ ነው፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

«እሥዕሉ ላይስ?»

«ተዘቅዝቋል።»

«ድፍን የመስታወት ብይ ወደ መስኮት ብታነሺ እንደዚያ ዘቅዝቆ ያሳይሻል። አረፋ ግን ባዶ ነው። ይሄን የሠራ ሰው አረፋውን ድፍን መስታወት አድርጎታል። ኮምፒውተሩ አንዴ ከታዘዘ ሥዕሉን በራሱ ሠርቶ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል፣ አሳምነው?»

 እናኑ ቀድማው መለሰች፤ ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ ወንድሟ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቅ ታውቃለች።

«እንግዲህ በሁለት ሰዓት ተጀምሮ፣ ሰው ሳይነካው በአራት አልቆ ራሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ፈንታሁን ሬሳ ነበር፤ ሀዲያ የነካችው ቀዝቃዛ እጅም ይሄንኑ ይናገራል። እሱ ራሱ ጀምሮት ቢሆን አረፋውን ድፍን አያደርገውም። ያን ስህተት የሚሠራ እዚህ ቤት ማን ነበር?»

«አሳምነው» አለች እናኑ። «ባዶ ነው፣ ባዶ አድርገው እያለ በየቀኑ ይቆጣው ነበር።»

እታገኘሁ ከፈንታሁን መሳቢያ የተገኘውን ደብዳቤ አወጣች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት አሳምነውን የቀጠረው የፈንታሁንን ሥራዎች የራሴ ናቸው ብሎ ስለላከ ነው። ፈንታሁን ደርሶበት ለድርጅቱ ሊያሳውቅ ይሄን ደብዳቤ ጽፎ ጨርሶ ነበር።

አሳምነው አልካደም። ዓይኑ ብርሌው ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«ግን ለምንድን ነው ቀጥ ብሎ የሚታየው?» አለ ቀስ ብሎ። «እስካሁን አልገባኝም።»

«የሚያስረዳህን ገድለኸዋል» አለችው እናኑ።

ሀዲያ ነፃ መሆኗን ሰማች፤ ከግድግዳው ግን አልተላቀቀችም። እናኑ ብብቷን ይዛ ደግፋ ወደ ልጇ ወሰደቻት።