ማይኩ ወደ ማን ዞሮ ነበር

መርማሪዋ የተጠራችው ሟቹ ከተቀበረ፣ ሹፌሩም ከታሰረ በኋላ ነው። አለቃዋ መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላትና «ያለቀ ነገር ነው። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ሰው ገጨ፣ በቃ። ግን የሟቹ እናት አልጋ ላይ ሆነው በየቀኑ ሰው ይልኩብኛል። ሂጂና አጽናንተሽ ተመለሽ» አላት።

ምን ያድርግ፣ የማትሆን ሰው ላከ። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ምስጢር ስለማትቋጥር እንዳይመስላችሁ፤ የሰጧትን ሁሉ ነፍታ ገለባውን ሳታራግፍ እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። ማጽናናት ደግሞ ከሥራዋ ሁሉ የማይሆንላት እሱ ነው።

ቤቱ የጣውላ መጋዘን ግቢ ውስጥ ነበር። ታች መጋዝና የጣውላ ክምር፣ ፎቁ ላይ ቤተሰቡ። ይህን ግቢ ከባላቸው ጋር በገዛ እጃቸው ያቆሙት እናት ዛሬ ከወገባቸው በታች አይታዘዝላቸውም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ከራስጌያቸው የጆሮ ማዳመጫና በፕላስቲክ ቀፎ የታሸጉ ትንንሽ ዲስኮች ተደርድረዋል።

«ታናሹ ነው ያመጣልኝ» አሉ በእጃቸው እየዳበሱ። «ወርጄ ግቢዬን ማየት ሲያቅተኝ ድምፁን እየቀዳ ያመጣልኝ ነበር። መጋዙን፣ ጣውላው ሲወርድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ። እሱን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ እግሬ ይመለስልኛል፣ ልጄ።»

«ታላቁስ?»

«ታላቁማ ነው የቀረልኝ። እሱ ያጎርሰኛል፣ እሱ ያጥበኛል። እሱ ባይኖር በተኛሁበት ሸትቼ ነበር። ሁለት ወልጄ አንድ ቀረኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ግን የታናሹ ጆሮ የድመት ነበር። እዚህ ቁጭ ብሎ ታች የትኛው መጋዝ እንደደነዘዘ ይነግረኛል። እንዲህ ያለ ልጅ መኪና ሲመጣበት አልሰማም ይሉኛል? ማን እንደገደለው እወቂልኝ።»

«እማማ፣ አንዳንድ እውነት አይጠቅምም።»

«ውሸቱስ ምን ጠቀመኝ?»

መርማሪዋ ለመሄድ ተነሳች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል ተባለ እንጂ ያሞቃል አልተባለም።

ታላቁ ወንድም ታች ግቢው ውስጥ ጠበቃት። ሃምሳ የተጠጋ፣ ቅንድቡ ላይ የመጋዝ ብናኝ የሰፈረበት፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። የሆነውን እየቆመበት አሳያት።

«እኔ እዚህ ቆሜ መኪናውን እያስገባሁ ነበር። ወንድሜ እዚያ፣ በእኔና በመኪናው መካከል ተንበርክኳል፤ ጀርባው ለመኪናው። ሹፌሩን በእጄ አቁም አልኩት፤ አላየኝም። ወንድሜን ተነስ ብዬ ጮህኩ። ጆሮው ላይ ያንን ማዳመጫ ደፍኖ ዘፈን ይሰማል፤ ከየት ይሰማኛል?»

«ጮኸው ነበር?»

«ጉሮሮዬ እስኪነቃ።»

«ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንደማይሰማ በምን አወቁ?»

ታላቁ ግራ ገባው። «ይኼ ምን ማወቅ ይጠይቃል? ስንቴ ጠርቼ…» አለና ተወው። «ማንም ያውቀዋል።»

ዘበኛው ደግሞ ወሬ የማይጠላ ሽማግሌ ነበሩ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ልጄ» አሉ ሳይጠየቁ። «ታናሹ ተጫዋች፣ ታላቁ አፉን የሰፋ። ታላቁ ቀኑን ሙሉ ይለፋል፤ ማታ አሮጊቷ የሚያወሩት ስለ ታናሹ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አይደል የሚባለው?»

«አደጋው ሲደርስ የት ነበሩ፣ አባባ?»

«በር ላይ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ሠራተኞቹ ሹፌሩን አንቀው ይዘውታል። ታላቁ ወንድሙን አቅፎ መሬት ላይ ነው። ያ ራዲዮ ጠጋኝ የሚሉት የታናሹ ጓደኛም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አጠገባቸው ተንበርክኳል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያው ሳምንት ከታናሹ ጋር በድምፅ መቅጃው ማሽን ተጣልተው ነበር። "ማሽኔን መልስ" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሹፌሩን እስር ቤት አገኘችው። ዓይኑ ስር ጠቁሯል። «በመስታወት የማየው የታላቁን እጅ ነው» አላት። «ሞተሩ እየጮኸ ድምፅ አይሰማም። እጁ ና ሲለኝ እመጣለሁ፣ ቁም ሲለኝ እቆማለሁ። አላቆመኝም። ግን እሱ ባለ ግቢ፣ እኔ የሰው መኪና ነጂ። ማን ይመነኛል? ልጆቼ እንኳን ሲጠይቁኝ አንገቴን ነው የምደፋው።»

ከሟቹ አንገት የወረደው የቆዳ ቦርሳ ጣቢያው ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። ያነሳው ፖሊስ ዚፑ ተዘግቶ እንዳገኘውና እንዳልከፈተው ማለ። መርማሪዋ ከፈተችው። የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ሚኒዲስክ የሚሏት ድምፅ መቅጃ በስፖንጅ ተጠቅልላለች፤ ጭረት እንኳን አልነካትም። የባትሪ ክዳኗ ግን ተከፍቷል፣ ባትሪውም የለም። ቦርሳውን ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም።

«በግጭቱ ወጥቶ ይሆናላ» አለ ፖሊሱ።

«ከተዘጋ ዚፕ ውስጥ? ባትሪው መንፈስ ነው እንዴ?»

ከግቢው ማዶ ወዳለው የጠጋኙ ሱቅ ይዛው ሄደች። ሱቁ በተፈቱ ራዲዮኖች የተጣበበ ነው፤ ሰውየውም ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ስለ ዘፈኑ ስትነግረው ቅር አለው።

«የምን ዘፈን? የዚያን ቀን አንድ ዲስክ ነው ከዚህ የወሰደው፣ አዲስ፤ መጠቅለያውን በጥርሱ ቀዶ። ሌላ አልያዘም። እየቀዳ ነበር።»

«ሲቀዳስ ቢሆን? ጆሮው ያው ተደፍኗል።»

ጠጋኙ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ሌላ መቅጃ አወጣና ባትሪ ጨመረ፣ በረጅም ገመድ ማይክ ሰካበት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ ማይኩን ወደ ሱቁ ጥግ አዞረው። ከዚያ ራሱ ጥጉ ጋ ሄዶ በሹክሹክታ «ይሰማል?» አለ።

መርማሪዋ ደነገጠች። ድምፁ አንገቷ ሥር ያለ ያህል ቀረበ፤ የምራቁ መዋጥ እንኳን ተሰማት።

«ሲቀዳ ማዳመጫው ጆሮ አይደፍንም» አለ ጠጋኙ። «ማይኩ የሚያገኘውን ሁሉ ያመጣልሻል። ገመዱ የረዘመው የማሽኑ ሞተር ድምፅ እንዳይገባበት ነው። ጓደኛዬ የድምፁን መጠንም ማሽኑ ራሱ እንዲያስተካክል አይተውለትም ነበር፤ ማሽኑ ዝምታ ሲያገኝ ሹሹታውን ያንረዋል፣ ትልቅ ድምፅ ሲመጣ ሁሉንም ይደፍቀዋል። እሱ በእጁ ነበር የሚለካው፤ ሩቁ ሩቅ፣ ቅርቡ ቅርብ እንዲሆን።» ከዚያ ከማይኩ በስተኋላ ዞሮ ተናገረ። ድምፁ ጎረቤት እንደገባ ሰው ራቀ። «ከኋላው ያለውን ግን ይሄ ማይክ እምብዛም አይሰማም።»

«ማይኩ መኪናው ላይ አልነበረማ የዞረው» አለች ቀስ ብላ። «ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ ነበር።»

«መኪናማ ስንቴ ቀድቷል።»

«የተጣላችሁት በምን ነበር?»

«በእሱ ጥፋት። ያዋስኩትን ማሽን መጫኛ ቁልፎች ሳይቆልፍ ሲቀዳ ሆዱ ነካበትና ተቋረጠበት። ማሽንህ አርጅቷል አለኝ፣ እኔም ተናድጄ መልስልኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳይቆልፍ አይቀዳም። ሲቆለፍ ማቆሚያውን ብትደበድቢውም አይታዘዝም።»

መርማሪዋ የሟቹን ማሽን አሳየችው። ትንሿ ተንሸራታች ቁልፍ መቆለፊያው ላይ ናት። ጠጋኙ ዲስኩን ሌላ ማሽን ውስጥ ሲከተው፣ ማሽኑ ባዶ ነው አለ።

«ውሸቱን ነው» አለ ጠጋኙ። «ድምፁ እየተጻፈ ነው የሚሄደው። ማውጫው ግን፣ የመጽሐፍ ማውጫ በይው፣ የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። ሳይቆም ባትሪው ከተነጠቀ ድምፁ እዚያው ተቀምጦ ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም። ዳር እስከ ዳር ዝምታ የቀዳሁበት ዲስክ አለኝ። የእሱን ማውጫ እዚህኛው ላይ ካስጻፍኩበት፣ ማሽኑ ተታሎ ያነበዋል።»

ብዙ ደከመበት። በመጨረሻ ዲስኩ ተነበበ። መርማሪዋ ማዳመጫውን አድርጋ ሰማች፤ ስትጨርስም ማዳመጫውን አውልቃ ለጠጋኙ መለሰችለት። አጽናንተሽ ተመለሽ ያላትን አለቃዋን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማሁት ኖሮ አለች።

ሁሉንም እናትየዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ታላቁ ከአልጋው ግርጌ ቆመ፤ ዘበኛው በር ላይ፣ ጠጋኙ መስኮቱ ጋ። ሹፌሩም በፖሊስ ታጅቦ መጣ።

«ሟቹ ዘፈን አይሰማም ነበር» ብላ ጀመረች። «የያዘው አንድ አዲስ ዲስክ ብቻ ነው። ማሽኑም ለቀረጻ ተቆልፎ ተገኝቷል። የሚቀዳ ሰው ደግሞ ማዳመጫው አያደነቁረውም፤ ማይኩ የዞረበትን ከእኛ ይበልጥ ይሰማል፤ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ነው የማይሰማው። ማይኩ የዞረው ፊት ለፊቱ ነው። ፊት ለፊቱ የነበሩት እርስዎ ነዎት።» ታላቁን አየችው። «ጮኸው ቢሆን ኖሮ፣ ጆሮው ውስጥ እንደጮሁ ይሰማ ነበር።»

«ሰው ደንግጦ ባይነሳስ?» አለ ታላቁ።

«ይሆናል። ግን ባትሪውን ምን ወሰደው? ቦርሳው ዚፑ ተዘግቷል፣ ባትሪው የለም። ሰው ከፍቶ አውጥቶ መልሶ ዘግቷል ማለት ነው። ሹፌሩ እንዳይሆን ሠራተኞች አንቀው ይዘውታል። አባባ ሲደርሱ ሁለት ሰው ነበር አጠገቡ፦ እርስዎና ጠጋኙ። ጠጋኙ ቢሆን መቆለፊያውን በጣቱ ገፍቶ፣ አቁሞ፣ ይሰርዘው ነበር፤ ባትሪ መንቀል ድምፁን እንደማያጠፋ ከማንም በላይ ያውቃል። ባትሪ የሚነቅለው ማቆሚያውን ተጭኖ እምቢ ያለው፣ ማሽኑን የማያውቅ ሰው ነው። ዘፈን ይሰማ ነበር ያሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሹፌሩ አፉን በእጁ ያዘ።

«ማዳመጫ ያደረገ ሰው አይሰማም ያሉኝ ከዚህ አልጋ ተምረው ነው» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋ እየለሰለሰ። «እናትዎ ያንን አድርገው ሲያዳምጡ ስንቴ ጠርተዋቸው አልሰሙዎትም። እሳቸው ግን የተቀዳ እየሰሙ ነበር። ወንድምዎ የሰማው በቀጥታ ነው።»

እናትየዋ እጃቸውን ዘረጉ። «ዲስኩን ስጪኝ።»

«እማማ፣ ይቅርብዎ።»

«የእኔ ልጅ ነው። ስጪኝ።»

ጠጋኙ ማዳመጫውን አደረገላቸው። ዲስኩ ዞረ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የአሮጊቷን ፊት ብቻ ነበር የሚያየው። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ያየ ሁሉ ዓይኑን ሰበረ።

ታላቁ አልጋው ግርጌ ተንበረከከ። «አልገፋሁትም፣ እማዬ» አለ። «እጄን ብቻ አላቆምኩትም። ና፣ ና እያልኩ ነበር፤ እዚያ ተንበርክኮ ሳየው እጄ ዝም ብሎ ቀጠለ። ስንት ዓመት አጠብኩሽ፤ አንድ ቀን ስሜን በደስታ ጠርተሽው አታውቂም። ያን ጊዜ ይሄ ሁሉ መጣብኝ። ወዲያው ጮህኩ። ወዲያው ጮህኩ፣ ግን አልፎ ነበር።»

እናትየዋ አልሰሙትም። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫው አለ።

ፊታቸው ድንገት ተጨማደደ። ማዳመጫውን ራሳቸው አወለቁት። ፊታቸውን ወደ ታላቁ ትንፋሽ መለሱ።

«"እማዬ፣ ዛሬ መጋዝ አይደለም ያመጣሁልሽ" ይላል» አሉ። «"ታላቄን ነው። ይህ ግቢ የቆመው በዚህ ድምፅ ነው፣ ስሚው" ይላል። ከዚያ ያንተ ድምፅ ነው። ና ትላለህ፣ ና ትላለህ። ቁም ያልከው እሱ ከጮኸ በኋላ ነው።»

ታላቁ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም።

እናትየዋ መርማሪዋን በእጃቸው ፈለጓት። «ባላስጠራሁሽ ኖሮስ?»

«ሹፌሩ ይፈረድበት ነበር፣ እማማ።»

«ይፈረድበት» አሉ። ሹፌሩ እዚያው ቆሞ ሰማቸው፤ አልተቀየማቸውም። «አንድ ነበር የቀረኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ታላቁ ቀና ብሎ «አንድ ጊዜ» አለ። «ላገላብጣት። በአንድ ጎኗ ከቆየች ትቆስላለች፤ ሰዓቷ አልፏል።»

ፖሊሱ መርማሪዋን አየ፤ መርማሪዋም ፈቀደች። ታላቁ ተጠግቶ እጁን ከጀርባቸው ሥር አሳለፈ። እናትየዋ እጁን አልመቱትም፣ አልያዙትምም።

«ወደ ግድግዳው» አሉ ብቻ።

ቀስ አድርጎ አዞራቸው፤ በጉልበታቸው መካከል ትራስ አደረገ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው ሳበ። ከዚያ ለዘበኛው መድኃኒቱ የቱ ጠዋት፣ የቱ ማታ እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ሽማግሌው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ፣ እኔ ለራሴም ሰው ያስፈልገኛል» አሉ። ታላቁ መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠውና እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

ሲወጣ እናትየዋ ዞረው አላዩትም። ያለ እሱ መዞር አይችሉም።