አርማ ያረፈበት መስታወት

ሬሳው ከፋብሪካው የእንፋሎት ቦይለር ሥር ተንጋሎ ነበር። የቦይለሩ መመልከቻ መስታወት በግፊት ፈንድቶ ኦፕሬተሩን አንገቱ ላይ መትቶታል። መርማሪዋ እንቅልፍ ያጣ ዐይኗን አሸት አድርጋ አንድ ስባሪ አነሣች። እንደ ቢላ የረዘመ ነው።

«የጠነከረ መስታወት እንደ ጨው ይበተናል እንጂ እንዲህ አይሰበርም» አለች።

«የመስታወት ማጠንከሪያውን ምድጃ የሚይዘው የሟች ሚስት ወንድም ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሳያጠነክረው ነው የሰጠን።»

ሰው በሞተ ቁጥር ጥፋተኛን ምድጃ አጠገብ መፈለግ የቢሮ ሰዎች አመል ነው። ጭንቅላት አያስቸግርም። ሚስትየዋም ይህንኑ ወሬ አምና ወንድሟን ከደጇ መልሳዋለች።

መርማሪዋ ባለምድጃውን እስር ቤት አገኘችው።

«መስታወቱን አግለህ በቀዝቃዛ አየር መትተኸዋል?»

«ከነመንታው። መስቀያው ጥንድ ካልሆነ ሚዛን አይጠብቅም። መንታው መጋዘን አለ፤ ይዩት። እኔስ ይሁን፣ እህቴ ገዳይ ካለችኝ ወዲያ…»

በማግስቱ ባለምድጃውን ከእስር ቤት አስመጥታ፣ ከሥራ አስኪያጁና ከሚስትየዋ ጋር በፋብሪካው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ስባሪውንና መንታውን በስፔክትሮስኮፒ አየናቸው» አለች፣ በደከመ ድምፅ። «መስታወቱ ላይ ብርሃን ይላካል። መስታወቱ የታመቀ ከሆነ ተመላሹ ብርሃን በጥቂቱ ቀለሙን ይቀይራል። የመንታው ገጽ ታምቋል፤ በደንብ ጠንክሯል ማለት ነው። ስባሪው ግን ላልቷል። አብረው ገብተው አብረው የወጡ ናቸው። ልዩነታቸው ስባሪው ላይ ያለው የፋብሪካው አርማ ብቻ ነው።»

«እሱን ለእንግዶች ጉብኝት ብዬ፣ ባለፈው የእረፍት ቀን እኔው ራሴ ነኝ የቀባሁት። ተራ ቀለም ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ ጨርቅ በቀለም ማስለቀቂያ ነክራ አርማውን ፈተገችው። ንቅንቅ አላለም።

«ይህ በእሳት የተጋገረ ቀለም ነው። የጠነከረ መስታወት ዳግም ግሎ ቀስ ብሎ ከበረደ ጥንካሬው ይሄዳል። በዚያ የእረፍት ቀን ምድጃውን ማን አነደደው?»

«እሱ ነዋ፣ ባለምድጃው።»

ሚስትየዋ ቀና አለች። «የዚያን ቀን ወንድሜ ከባሌ ጋር ጣራችንን ሲጠግን ነው የዋለው።»

«የጠነከረ መስታወት ተመልሶ እሳት ውስጥ እንደማይገባ ያውቁ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አላላ። «ጉብኝቱ ደርሶብኝ… መስታወቱ ግፊቱን ይይዛል ብዬ ነበር።»

ይይዛል ብሎ። ሳይዝ ሲቀር ደግሞ ሌላ ሰው አሳሰረ።

ፖሊሶች ሥራ አስኪያጁን ይዘው ሲወጡ ሚስትየዋ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። ወንድሟ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጣራው አሁንም ያፈሳል፣ ወንድምዓለም» አለችው።