ዝንቧ የሌለችበት ፎቶ

ልጅቷ ከአራተኛ ፎቅ ጣሪያ የወደቀችው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። ብርድ ልብሱ ግን አጥሮ አንድ እግር ውጭ ቀርቷል፤ መንገደኛውም እሱን እያየ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ያየችው ነገር ግን በራሷ ፊት ላይ አልተነበበም። ከዚያ ደረጃውን እንደ ልማዷ እየቆጠረች ወጣች። ሰባ ሁለት።

ጣሪያው ላይ የቆመው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶ መዝገቡን አጥፎ ነበር።

«አደጋ ነው አለቃዬ። ፎቶ ማንሳት ትማር ነበር። የተማሪዎቹ ካሜራ የሚያቀርብ የሚያርቅ ሌንስ የለውም፣ ርካሹን ነው የገዙት። ነገር ከሰፋባቸው ወደ ኋላ መራመድ ነው። ዓይኗን ካሜራው ላይ እንደተከለች አፈገፈገች፣ አለቀ።»

«ካሜራውስ?»

«ይኸው፣ እዚህ የውሃ ታንከሩ ሥር ነው ያገኘነው።»

መርማሪዋ ካሜራውን አገላብጣ አየችው። ቢያንስ ሦስት ባለቤት የቀያየረ አሮጌ ነው፤ የመያዣው ጎማ ተልጦ በፕላስተር ተጣብቋል። አዲስ ጭረት ግን አንድም የለበትም። የሌንሱም ክዳን ተገጥሟል።

«እንግዲህ ልጅቷ ወደታች እየወረደች ክዳኑን ገጥማ፣ ካሜራውን መልሳ ወደ ላይ ወረወረችው በለኛ።»

ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካከለ። እሷ የካርዱን ጉድጓድ ከፈተች፤ ባዶ ነው።

«ጀማሪ ናት፣ መክተቱን ረስታ ይሆናል» አለ ፖሊሱ። «እኔ ራሴ የወንድሜን ምርቃት ሙሉ ቀን ያለ ካርድ አንስቻለሁ። እስከ ዛሬ አያናግረኝም።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ካሜራውን በቦርሳዋ ይዛ አንድ ፎቅ ወረደች።

ትምህርት ቤት የሚሉት አንዲት ክፍል ነች፤ አራት ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ። ግድግዳው በፎቶ ተሸፍኗል። በመካከላቸው ቀይ ክፈፍ አለ፤ መምህሩ በየሳምንቱ የከፋውን ፎቶ እዚያ ይሰቅላል። ከሥሩም «ይህን ያነሳ እጅ የሊስትሮ ብሩሽ ይያዝ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ሰው በውርደት ይማራል ብዬ ነው» አለ መምህሩ። ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነው።

«ማን ይበዛ ነበር እዚህ ውስጥ?»

«ታላቅ እህትየዋ። ከአሥራ ስድስት ሳምንት አሥራ አንዱን እሷ ናት። ታናሽየዋ፣ የሞተችው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰቀለችም።»

ተማሪዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ጡረተኛ የመሬት ቀያሽና ሁለት እህትማማቾች። እህትማማቾቹ የልብስ ንጽህና ቤት ሠራተኞች ናቸው። እናታቸው ስትሞት ታላቅየዋ ትምህርቷን ትታ ታናሿን በእጥበት አሳድጋለች። ሦስቱ ካሜራውን በጋራ ገዝተው በቀን ተከፋፍለውታል፤ ሐሙስ የታላቅየዋ፣ ዓርብ የጡረተኛው፣ ቅዳሜ የታናሽየዋ። የካርድ ዋጋ ስለሚቀል ካርድ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። አንድ ጋዜጣ ቤትም ከዚህ ክፍል አንድ ሰው እቀጥራለሁ ብሏል። እያንዳንዱ አንድ ፎቶ ይልካል፤ ቀነ ገደቡ የዚያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከሦስቱ አንዱ ደመወዝተኛ ይሆናል፣ ሁለቱ በነበሩበት ይቀራሉ።

ጡረተኛው በወንበሩ ላይ ተኮራምቶ ያለቅሳል።

«ምን ሲባል እኔ ቀርቼ እሷ፣ የኔ ልጅ? ምን ሲባል?»

«አባቴ፣ ዛሬ ጠዋት አይተዋታል?»

«ሁለት ተኩል ላይ እዚሁ ነበርን። ዝንቧን አባረረቻት እኮ!»

«የምን ዝንብ?»

ሽማግሌው እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ግድግዳውን አሳየ። በየፎቶው ላይ፣ ሰማይ ባለበት ሁሉ፣ ከላይ በቀኝ በኩል አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። «አቧራ ናት፤ ካሜራው ውስጥ ገብታ የተቀመጠች። ስንገዛውም አብራ መጣች። ለማስጠረግ የጠየቁን ዋጋ ሌላ ካሜራ ይገዛል። ዛሬ ልጅቷ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ ጎማ ይዛ መጣች፤ እፍ እፍ አደረገችበት። በመስኮቱ ሰማዩን ፎቶ አነሳችና ‹ጋሼ፣ ሄዳለች!› ብላ አሳየችኝ። ካርዷም ውስጡ ነበር። ከዚያ እየሮጠች ወጣች። እኔ ጉልበቴ አይወጣልኝም።»

«ይህን ሌላ ማን አየ?»

«ማንም። መምህሩ ቀለም ሊገዛ ወጥቶ ነበር።»

ታላቅየዋ ጥግ ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ጣቶቿ በሳሙና ነጥተዋል፤ ዓይኖቿ ግን ደረቅ ናቸው።

«ጠዋት አብራችሁ ነበራችሁ?»

«አላገኘኋትም። ሳልነቃ ነው የወጣችው። እኔ ደረጃው ላይ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ።»

«ጥሩ አንሺ ነበረች?»

«ነገር ሁሉ ይቀናታል። ከልጅነቷ ጀምሮ።»

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀችም። ካሜራውን አሽጋ ወደ ጣቢያ ወሰደችው፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ የነካው ሰው የለም።

ሰኞ ጠዋት መምህሩን፣ ጡረተኛውንና ታላቅየዋን እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። መምህሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ ጋዜጣ ቤቱ ውጤቱን ዛሬ እነግራለሁ ብሏል።

«መጀመሪያ» አለች መርማሪዋ፣ «ይህ አደጋ አይደለም። ካሜራው ሳይጫር ክዳኑ ተገጥሞ ተገኝቷል። ልጅቷ ከመውደቋ በፊት ካሜራውን ሌላ ሰው ተቀብሏታል ማለት ነው። ሌላ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ካሜራውንም አብሮ ይገፋው ነበር፤ አደጋ እንዲመስልለት ከዚያ የተሻለ የለም። ይህኛው ግን አልቻለም። ካሜራው ሲሦው የእሱ ነው፤ ሌላ መግዣ የለውም።»

«ስለዚህ እኔ የለሁበትም» አለ መምህሩ ፈጠን ብሎ።

«እርስዎ ድርሻ የለዎትም። ደግሞም የቀለም ሻጩ እርስዎ ሲከራከሩ ሰዓቱን አስታውሷል፤ ሰው አይረሳዎትም።» ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «ቅዳሜ ለጋዜጣ ቤቱ የላኳቸውን ፎቶዎች ያውጡልኝ።»

መምህሩ ሁለት ወረቀት አወጣ። የጡረተኛው ድልድይ ነው፤ ሰማዩ ላይ ዝንቧ አለች። ሁለተኛውን ሲያስቀምጠው ፖሊሱ ሳይቀር አንገቱን አሰገገ። የተሰጣ ሱሪ ነው። ንፋስ ሞልቶት ሁለቱም እግሮቹ ተነፍተው፣ ራስና ደረት የሌለው ሰው ሰማይ ላይ ሲራመድ ይመስላል።

«ታላቅየዋ ናት የሰጠችኝ» አለ መምህሩ። «እህቷ ከሞተች ስምንት ሰዓት ሳይሞላ። ‹እሷም ይህን ትፈልግ ነበር› ብላ። ዘጠና ዓመት ባስተምር እንዲህ ያለ ነገር ከእሷ አልጠብቅም ነበር።»

«መቼ ነው ያነሳሽው?» አለች መርማሪዋ።

«ሐሙስ። በተራዬ» አለች ታላቅየዋ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የራሴን ተራ ላላውቅ ነው?»

«እንግዲያው ዝንቧን አሳዪኝ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ሰማይ አየች። ንጹሕ ነው።

«ሐሙስ ዝንቧ ነበረች» አለች መርማሪዋ። «ዓርብም በድልድዩ ላይ ነበረች። ቅዳሜ ሁለት ተኩል ላይ እህትሽ አጸዳቻት፤ ላንቺ ግን ማንም አልነገረሽም። ሦስት ሰዓት ላይ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ካሜራው በፖሊስ እጅ ነው። ይህ ፎቶ በዚያች ግማሽ ሰዓት የተነሳ ነው፤ ያነሳችውም እህትሽ ናት። ሱሪው የተሰጣው ከፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። እሱን የሚያነሳ ሰው ፊቱ ወደ ገደሉ ነው፤ ቢያፈገፍግ ከሞት ይርቃል እንጂ አይወድቅም። ጠዋት አላገኘኋትም ብለሻል። ካርዷ ታዲያ በምን እግሩ ወዳንቺ መጣ?»

ጡረተኛው «ኧረ በለው! ኧረ ልጄ፣ አይደለሁም በያት!» አለ።

ታላቅየዋ አላየችውም። ዓይኗ ቀዩ ክፈፍ ላይ ነበር።

«‹እትዬ፣ ነይ እይ› ብላ ካሜራውን ሰጠችኝ። ጫፉ ላይ ቆማ ሱሪውን በጣቷ እያሳየችኝ ትስቃለች። እኔ በካሜራው ትንሿ መስኮት አየሁት። እኔ እንዲህ ያለውን ሱሪ በየቀኑ አጥቤ አሰጣለሁ እኮ! ሃያ ዓመት ሳሰጣ አንድ ቀን ሲራመድ አላየሁትም። እሷ ጋዜጣ ቤት ትገባለች። እኔ ሰኞ ተመልሼ የእሷንም ልብስ አጥባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ክዳኑን ገጠምኩት። ማሰሪያውንም በአንገቴ አጠለቅኩት፣ እንዳይወድቅ።»

ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ አልቀረም። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ስልኩ ጮኸ። መምህሩ በድንጋጤ ድምፅ ማጉያውን ነካው፤ የአንድ ደስተኛ ሰው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«መምህር፣ እንኳን ደስ አለህ! የሱሪውን መርጠናል። አለቃችን ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ነው። ታላቅ እህትየዋ ናት አይደል ያነሳችው?»

ሴትዮዋ ካቴና የገባበትን እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች፤ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ። መምህሩ እሷን አየ፣ መርማሪዋን አየ፣ ጥፍሩን ከአፉ አወጣ።

«አይደለችም» አለ። «ያነሳችው ታናሽየዋ ናት።»

«አሃ! ይቅርታ፣ ስሙን አሁኑኑ አስተካክላለሁ» አለ ሰውዬው። «በል እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላክልንና ሥራዋን ትጀምር።»