የጀላል ትርፍ አንጀት

የጀላል ሆድ በስድስት ወር ውስጥ እንደ መውለጃዋ የደረሰ እርጉዝ ተነፍቶ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ትንፋሹ ቆመ። ሰፈራቸው ሸጎሌ ሐኪም ባይበዛባትም መርማሪ አታጣም፤ አስከሬኑ ሳይታጠብ «ገዳይዋ» ታውቃ ነበር።

«መርዛዋለች! ይመርመርልኝ!» አለ ታናሽ ወንድሙ አሽረፍ፣ የሟችን ሚስት ሙኒያን በጣቱ እያሳየ። በዚያው ቀን መቀበር የነበረበት ሰው ሆስፒታል ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿም «እስኪጣራ» ተብለው እዚያው ግቢ ወዳለው ወደ አሽረፍ ቤት ተወሰዱባት።

ኢንስፔክተር ሶሬሳ ሲጠይቅ የሚያንቀላፋ የሚመስል ሽማግሌ ነው። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ታበይው ነበር፣ ልጄ?»

«አጥሚት። ሌላማ መች ይወርድለታል?»

«ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ነበር። ውጤቱን አሽረፍ ጠይቆ ‹ንጹሕ ነው› አለን።»

ቀጥሎ የተጠራችው ጎረቤቷ ጽጌረዳ፣ ሰፈሩ አጠገብ ያለው የእጽዋት ማዕከል ሠራተኛ ነች። ቅጠል ሰጥታዋለች ተብሎ ታምታለች።

«ዳማከሴ ነው የሰጠሁት።»

«ለሆድ እብጠት?»

«ኧረ ለምች ነው! ያን የሚያህል ሆድ በዳማከሴ ቢጎድልማ ኖሮ፣ የራሴን አልተወውም ነበር።»

ሶሬሳ ሊስቅ ሲል አሽረፍ ውዱእ ሊያደርግ ከቤቱ ወጣ። ቧንቧው አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። እሱ ግን መሐሉን ትቶ የአጥሩን ግድግዳ ታክኮ ዞረ። መሬቱ ላይ አንዳች ነገር የለም። ጥቂት ቆይታ ሙኒያ በእጣቢ የተሞላ ሳፋ ተሸክማ እስከ ውጭው በር ስትንገዳገድ ሶሬሳ አያት።

«ለምን ቧንቧው ሥር አትደፊውም?»

«አሽረፍ አይወድም። የቤቱን መሠረት ያርሰዋል ይላል።»

ሶሬሳ የቤቱን መሠረት ፈለገ። የቧንቧው እጣቢ በማይደርስበት በወዲያኛው ጥግ ነው።

ቅዳሜ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርዝ የለም» አለ። «ሆዱን የሞላው እንደ ሙጫ የረጋ ፈሳሽ ነው። ከስንት ሺህ ሰው አንዱን ብቻ የሚይዝ የትርፍ አንጀት ዕጢ ነው የሚያመነጨው።»

«ትርፍ አንጀቱ እኮ ወጥቷል!» አለ አሽረፍ።

«እኔም እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ሳይወጣ በፊት ፈንድቶ ሆዱ ውስጥ ዘር ጥሏል። የወጣው ሥጋ ቢመረመር ግን ይታወቅ ነበር። የሆስፒታሉ ካርድ ‹ናሙናው ለቤተሰብ ተሰጥቷል፣ ላብራቶሪ ይወሰድ› ይላል። ላብራቶሪው ደግሞ በጀላል ስም የመጣ ነገር አያውቅም። ያን ቀን ሙኒያ ከባሏ ራስጌ አልተነሳችም። ስለዚህ ዕቃውን የያዘው ‹ንጹሕ ነው› ያለው ሰው ነው። ያ ሰው አልጣለውም፤ የጣለ ሰው መሬት ዞሮ አያልፍም፣ እጣቢም እንዳይደፋበት አይከለክልም።»

አሽረፍ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«የሰው ገላ ይቀበራል እንጂ አይጣልም... ቆራርጠው ቆሻሻ ላይ ይጥሉታል አሉኝ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ እዚያ ቧንቧው አጠገብ ቀበርኩት። ደግሞ ድኖ ነበር እኮ! ሲስቅ አላያችሁትም?»

ጣት የምታህል ሥጋ እንዳትቆረጥ የሳሳ ሰው፣ ወንድሙን በሙሉ ጮኾ አስቀደደው። ማንም አልነገረውም። ፊቱ ግን እንደገባው ያስታውቅ ነበር።

«በጊዜው ቢታወቅ ይድን ነበር?» አለች ሙኒያ።

«ዕጢው ተለቅሞ ሆዱ በመድኃኒት ይታጠባል አለኝ ሐኪሙ። እሱም እንደ ልብ አይገኝም። ‹ምናልባት› ነው ያለኝ።»

አሽረፍ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «እሰሩኝ።»

ሶሬሳ እጆቹን አያቸው። «በምን አንቀጽ?»

ልጆቹ በዚያው ሰዓት ወደ እናታቸው ተመለሱ። ማግስቱን ጀላል ከተቀበረ በኋላ ሙኒያ የለቀስተኛውን ዕቃ አጥባ፣ ሳፋውን ይዛ ቧንቧው ሥር ቆመች። ብትደፋው የሚከለክላት አልነበረም። ቆይታ ግድግዳውን ታክካ ዞረችና እንደ ወትሮው ወደ ውጭው በር ሄደች። አሽረፍ ቀድሟት በሩን ከፈተላት።