ጃንጥላዋን ተከተሉ

ልብ ወለድ ያማራችሁ ሌላ ቻናል ፈልጉ። ይሄ በእኔና በእህቴ ላይ የደረሰ ነው።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ትልቁ ገበያ በሰው ጢም ብሏል።

ሥራዬ እንግዶችን ገበያ ውስጥ እያዞርኩ የመንገድ ላይ ምግብ ማስቀመስ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ቋንቋቸውን ከፊልም ለቀምኩት፣ ገበያውን በእግሬ ተማርኩት። ሰባት ዓመት! የማን ዘይት እንዳረጀ ከሩቅ አሽትቼ እነግራችኋለሁ።

የዚያን ቀን እንግዶቼ አራት ነበሩ፤ ሁሉም በዕድሜ የገፉ፣ ሁሉም የሰው አገር ሰዎች። አምስተኛዋ ታናሽ እህቴ ሚጡ ናት። አሥር ዓመቷ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔ ከሷ ሌላ፣ እሷም ከእኔ ሌላ ሰው የለንም።

ደንቤ አንድ ነው።

"እኔን አትዩ፣ ጃንጥላዬን ተከተሉ። በዚህ ግርግር ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ቢጫ ጃንጥላ ግን አንድ ነው።"

በቆሎ ቀመሱ። ድንች ቀመሱ። ዓሣ ጠባሹ ጋ ስንደርስ አፍንጫዬ አልቀበል አለኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የትናንት ዓሣ ነው።"

"ኧረ የኔ እመቤት፣ ዛሬ ጠዋት የተያዘ ነው!"

"በሕልምህ ነው የያዝከው?"

ስተረጉምላቸው እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሞቅ አለኝ። ዓሣውን ገልብጬ ላሳፍረው ሁለት እጄን ፈለግኩ...

"ልያዝልሽ።"

ከኋላዬ ነው። በሹክሹክታ።

ዞር እንኳ ሳልል ጃንጥላዋን ሰጠሁ።

የተቀበለኝ እጅ እርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ።

ቆይቶ ነው የገባኝ... "ልያዝልሽ" ያለኝ በእኛው ቋንቋ ነው። እንግዶቼ ደግሞ አንዲት ቃል አይችሉም፤ ድምፁም የሚጡ አይደለም።

ስዞር ከእኛ ሰዎች ማንም የለም።

ጃንጥላዋ ርቃለች። እኔ ከምይዛት በጣም ከፍ ብላ ትሄዳለች። ሰው ሲራመድ የያዘው ነገር ይወዛወዛል... እሷ አትወዛወዝም። ከሥሯ አራቱ እንግዶች፣ ከኋላቸው የሚጡ ቀይ ሹራብ።

"ሚጡ! ቁሚ!"

አልሰማችኝም። ብትሰማኝስ? ጃንጥላዋን ተከተሉ ያልኩት እኔው።

ሽንኩርት ተራው መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ታጠፉ።

በግራ በኩል መንገድ የለም። ግድግዳ ነው።

ስደርስም ግድግዳ ነው። በመዳፌ ዳበስኩት። ለስላሳ... ሞቃት... ልክ እንደ ጉንጭ።

"እማማ፣ በዚህ ሰዎች አላለፉም?"

ሽንኩርት ሻጯ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "በግድግዳው? ፀሐይ መታሽ እንዴ ልጄ?"

ግማሽ ሰዓት ጮህኩ። ከዚያ አራቱ እንግዶች አፋቸውን እየጠረጉ ከጀርባዬ መጡ።

"የመጨረሻው ቤት ግሩም ነው!" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "በጨለማ መብላት... ያንቺ ሐሳብ ነው?"

"የቱ ቤት? እህቴስ?!"

"ገና አልጠገበችም፤ እየበላች ቀረች።"



ያኔ ሚጡ ከሽንኩርት ጆንያዎቹ መሃል ወጣች። እያኘከች።

ጥምጥም አልኩባት። "ምን በላሽ? ትፊው!"

አፏን ከፈተችልኝ። ባዶ ነው።

ዘጋችው። ማኘኳን ቀጠለች።

ተሸክሜያት ገበያው አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ ሮጥኩ። አልጋ ላይ ስትጋደም ማኘኳን አቆመች። እፎይ አልኩ።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን የሚጡ ሆድ ላይ አደረገች። ቆየች። በጣም ቆየች። ከዚያ ፊቷ አመድ መስሎ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ዘረጋችልኝ።

"እስቲ አንቺም ስሚ" አለች ቀስ ብላ። "ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።"

ሰማሁ።

የሰሃን ኳኳታ... የብዙ ሰው ማኘክ... ከዚያ ሁሉ መሃል፣ ከሩቅ፣ የማውቀው የልጅ ድምፅ...

"እትዬ... ጨልሟል። የት ነሽ?"

ቀና አልኩ።

አልጋው ላይ ያለችው ልጅ አፏን ግጥም አድርጋ፣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።