የነጠላው ክር

አቶ ክንዱ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሆቴሉ አጥር ሥር፣ ጣና ዳር ደንገሉ መሀል ተጋድመው ነው። ያገኘቻቸው ክፍል የምታጸዳው የሺአረግ ነበረች። ጩኸቷ ቁርስ ላይ የነበረውን ሁሉ ከወንበሩ አስነሣው።

ሆቴሉ መንግሥት በየከተማው ካሉት ርካሽ ሆቴሎች አንዱ ነው፤ አልጋው ጠባብ፣ ብርድ ልብሱ ስስ፣ የቧንቧው ውሃ ደስ ባለው ቀን የሚመጣ። ሟቹ ከአቃቂ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። በዚያ በ1973 ዓ.ም. «ኮከብ ሠራተኛ» ተብለው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጋር ለአራት ቀን ዕረፍት ባሕር ዳር ተላኩ። ሐይቅ ሊያዩ መጡ፤ ሐይቁ አስቀራቸው።

መርማሪው መቶ አለቃ አንዳርጋቸው ሲደርስ የቀበሌው ካድሬ ገዳይ አግኝቶ ጨርሷል። ታንኳ ቀዛፊው አምባቸው የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ብዙ ሰው ሰምቶታል።

«አናርኪስት ነው፤ እስከ ማታ እርምጃ ይወሰድበታል» አለ ካድሬው። እርምጃ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

መቶ አለቃው አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የሟቹ ልብስ በውሃ ርሷል፤ ዐይኖቹ ተከድነዋል። እግሮቹ ባዶ ናቸው፤ ሁለቱ አውራ ጣቶች በነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል። የሺአረግ ጫፋቸውን እንዳልነካች ማለች። መቶ አለቃው ክሩን ፈትቶ በመሐረብ ጠቀለለው።

አምባቸውን ለብቻው አነጋገረው።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«‹ሐይቁ መሀል አድርሰኝና ትተኸኝ ተመለስ› አሉኝ። ‹አብደዋል እንዴ!› ብዬ ጮኽሁባቸው።»

«ለካድሬው ለምን አልነገርኸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«የት አደርህ?»

«ሰባታሚት ገጠር፣ እህቴ ዘንድ። ጠዋት በእግሬ ስደርስ ያዙኝ።»

መቶ አለቃው ሁሉንም ጻፈ። ቀጥሎ የሟቹ ጎረቤት ክፍል እንግዳ ወደሆኑት፣ ወደ ጎርጎራ የሚሻገር ጀልባ ወደሚጠብቁት ቄስ ሄደ።

«መምሬ ሀብተ ሥላሴ፣ ዛሬ ያዩት ነገር አለ?»

«ሚስትየዋ በሬን አንኳኳች። ‹አባቴ፣ በሰው እጅ ለሞተ ፍትሐት ይደረግለታል?› አለችኝ። ‹እንዴታ› አልኋት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ውዳሴ ማርያም ደግሜ ሳልጨርስ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ክፍላቸው ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ሰዓትና መታወቂያ አለ፤ ከጎኑ የአንድ ጎረምሳ ፎቶግራፍ። መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር የወንድ ጫማ አወጣ። ሶሉ ላይ ያለው ጥቁር ጭቃ ገና እርጥብ ነው።

«ይህ ልጅ ማን ነው፣ እትዬ?»

«ልጃችን ነበር» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሳቡ። ከነጠላው ዘርፍ አንዲት ክር ተበጥሳለች። መቶ አለቃው አያትና ልቡ ተሰበረ፤ ባያያት በወደደ።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ሰበሰባቸው።

«በዚህ ዘመን መታወቂያውን ጥሎ ከደጅ የሚወጣ ሰው የለም» አለ። «ተመልሶ ላለመግባት ካልሆነ በቀር። ጫማቸውንም ውሃው ዳር አውልቀዋል። ተገፍቶ የሚወድቅ ሰው ጫማ አያወልቅም። አንድ ሰው ግን ጫማውን ወደ ክፍል መለሰው። አስከሬኑን ከውሃ ያወጣው፣ ዐይኑን የከደነው፣ አውራ ጣቱን ያሰረውም ያው ሰው ነው። ገዳይ የገደለውን አይገንዝም።» ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እትዬ፣ አስከሬኑ የተገኘው አንድ ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ስለ ፍትሐት የጠየቁት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አላስተባበሉም።

«ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም። ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ። «በሰባ ዓመተ ምሕረት ልጃችን ተደብቆ ነበር። ‹እጁን ከሰጠ ምሕረት አለ› አሉት ክንዱን። አመነ። ራሱ እጁን ይዞ ወሰደው። ልጄ አልተመለሰም፤ እንዳናለቅስ ተከለከልን። ለክንዱ ኮከብ ሰጡት። ልጁ የተማረው እዚህ ነው፤ በየደብዳቤው ጣናን ያነሣ ነበር።» ወደ አምባቸው ዞሩ። «አንተን ሲያስሩህ ዝም አልኩ። ያንተም እናት አለች። ይቅር በለኝ።»

«ኮከብ ሠራተኛ ራሱን አጠፋ ብዬ ሪፖርት አላደርግም!» ካድሬው ተነሣ። «ፍቱት! ሌላ ምክንያት ፈልጉ!» በሩን አላትሞ ወጣ።

አምባቸው የተፈታ እጁን እያሻሸ ሴትዮዋን አያቸው።

«እኔ አይቻቸዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ታንኳዬ ላይ ሁኜ። አዳልጧቸው ነው የገቡት።»

ሰባታሚት ማደሩን መቶ አለቃው በገዛ እጁ ጽፏል። ወረቀቱን አውጥቶ አየው፤ ቀደደው። ከዚያ ክሩን አንሥቶ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ጣታቸውን መልሰው ይሰሩላቸው።»

መምሬ የተቀደደውን ወረቀት አዩ። እሳቸውም ቂል አይደሉም።

«ያየ ሰው ከመሰከረ፣ እኔ ምን እላለሁ?» ብለው ተነሡ።

«አባቴ፣ ሁለት ስም ይጥሩልኝ» አሉ ሴትዮዋ።

«የልጅሽ የክርስትና ስም ማን ነው?»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅ አውጥተው ያልጠሩትን ስም፣ ሐይቁ ዳር ድረስ እስኪሰማ ጠሩት።